በወረርሽኝ ጊዜ መጦሪያ ቤት ያሉ ወላጆቻችሁን እንዴት ትጠይቃላችሁ?

እናት ወይም አባት መጦሪያ ቤት ሆነው ወረርሽኝ ሲመጣ ቤተሰብ በሁለት ስጋት ይወጠራል። ሄጄ በሽታ ባስገባባቸውስ? ቀርቼ በብቸኝነት ቢጎዱብኝስ? ሁለቱም ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ኮቪድ ክፉኛ የመታው አረጋውያንን ነበር። መጦሪያ ቤት ደግሞ ብዙ አረጋውያን አንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩበት፣ አንድ ሠራተኛ ከክፍል ክፍል እየዞረ የሚያጥብበት፣ የሚያለብስበትና የሚያጎርስበት ቦታ ስለሆነ ቫይረስ አንዴ ከገባ ማቆም ይከብዳል። በሌላ በኩል በር ተዘግቶባቸው ከከረሙት ብዙዎቹ ከሱ፣ ወሬ አቆሙ፣ መነሳትም ጠሉ።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። የሚያጎርስ፣ የሚያገላብጥ፣ የሚያዋራ የቤተሰብ ሰው የእንክብካቤው አካል ነው። ስለዚህ ከመቅረት ይልቅ አካሄዳችንን ማሳመር ይሻላል።

ይህን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ማርች ላይ አሜሪካም ኔዘርላንድስም የመጦሪያ ቤት በሮችን ለጠያቂ ዘጉ። ከዚያ ኔዘርላንድስ ሜይ ላይ 26 መጦሪያ ቤቶች መርጣ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ ቋሚ ጠያቂ እንዲገባ ፈቀደች። ተመራማሪዎች ሲከታተሉት በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት አዲስ በኮቪድ የተያዘ ሰው አልተመዘገበም፤ ሰውም ደንቡን በአብዛኛው አክብሯል። እንግዲህ አንድ የታወቀ ሰው፣ ግልጽ ደንብና ደንቡን የሚጠብቅ ቤተሰብ ካለ ይቻላል ማለት ነው።

መጀመሪያ ደውሉ

ሳትደውሉ አትሂዱ። ደንቡ በየሳምንቱ ሊቀያየር ይችላል፣ የባለፈው ሳምንት ፈቃድ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። በር ላይ ያለው ሰው የተነገረውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ የክፍሉን ኃላፊ ነርስ አናግሩ። ስንት ሰው ይገባል? ለስንት ደቂቃ? ምርመራ እዚያው ይደረጋል ወይስ ከቤት ተመርምረን እንምጣ? ማስክ ትሰጣላችሁ ወይስ ይዘን እንምጣ? ማብላት ይፈቀድልኛል? በዚያ ፎቅ አሁን የታመመ ሰው አለ? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘላታል። ከሁሉም በላይ የምትጠቅመው ግን እሷ ናት።

የተነገራችሁን በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። አጭር የስልክ መልእክት ይበቃል። ፈረቃ ተቀይሮ በር ላይ "እኔ አላውቅም" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ከመጨቃጨቅ መልእክቱን ማሳየት ይቀላል። በዚያው አፍ ሌላም ተስማሙ፦ የወላጃችሁ ሁኔታ ቢቀየር ለማን ይደወላል? በሌሊትም ይደወላል? ስልክ ካልተነሳ ቀጥሎ ለማን?

ማን ይሂድ?

አንድ ዋና አስታማሚና አንድ ተጠባባቂ ምረጡ። አራት ልጆች በየተራ ሲሄዱ አራት ቤተሰብ፣ አራት መሥሪያ ቤት፣ አራት ዓይነት ንክኪ አብሮ ይገባል። ተጠባባቂው የግድ ያስፈልጋል፤ ዋናው ቢታመም ወላጅ ብቻቸውን መቅረት የለባቸውም።

ምርጫው በዕድሜ ወይም በወግ መሆን የለበትም። የበኩር ልጅ ስለሆነ ብቻ አይመደብ። እናታችሁ በየትኛው ጆሯቸው እንደሚሰሙ፣ ኪኒን ሲውጡ ምን እንደሚያስቸግራቸው፣ ሲከፋቸው ዝም ይበሉ ይቆጡ የሚያውቅ ሰው ይሂድ። የቀሩት ወንድሞችና እህቶች ቅር ሊላቸው ይችላል፣ ይህም ያለ ነው። ዋናው አስታማሚ ከእያንዳንዱ ጥየቃ በኋላ ለቤተሰቡ የጋራ ግሩፕ አጭር ማስታወሻ ቢልክ ቅሬታው ይቀንሳል፣ ለነርሷም አራት ሰው እየተደጋገመ አይደውልላትም።

የተመረጠው ሰው በጥየቃው ዋዜማ ባሉት ቀናት ሰው ከሚጨናነቅበት ቦታ ራሱን ይቆጥብ። ክትባት ካለም ይውሰድ። የወላጁንም ክትባት መቼ እንደተሰጠ ይጠይቅ።

የምትሄዱበት ቀን

ጠዋት ስትነሱ ጉሮሯችሁ ከከረከራችሁ አትሂዱ። ቀጠሮውን ለማግኘት ስንት ቀን እንደጠበቃችሁ ይገባኛል። "ብርድ ነው፣ አለርጂ ነው" ብሎ ራስን ማሳመን በጣም ቀላል ነው፤ ለእናንተ ቀላል ጉንፋን የሆነው ነገር ግን ለ85 ዓመት ሰው ሳንባ ሌላ ነው። ደውላችሁ ቀጠሮውን አዛውሩ ወይም ተጠባባቂውን ላኩ።

ፈጣን ምርመራ ካለ በዚያው ቀን፣ ለመግባት በተቻለ መጠን በቀረበ ሰዓት አድርጉት። የትናንቱ ውጤት ስለ ትናንት ነው የሚናገረው። ነጻ ቢልም ማስክ አታውልቁ። ኮቪድ ከተያዙ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 14 ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ፈጣን ምርመራ ሊያልፈው ይችላል።

ማስኩ በደንብ ይገጥም። ኤን 95 የሚባለው አየር አጣሪ ማስክ ከሆነ የአፍንጫውን ሽቦ በሁለት እጅ ጣቶች ተጭናችሁ ቅርጽ አስይዙት፣ ከዚያ ዙሪያውን በእጅ ሸፍናችሁ በኃይል ተንፍሱ። አየር በዓይናችሁ በኩል ከወጣ አልገጠመም። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ መነጽሩ ጉም ሲለብስ ያንኑ እየነገራችሁ ነው። ጺም ማስኩ ፊት ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ ስለዚህ ለዚህ ሲባል መላጨት ይገባል ባይ ነኝ።

ቀለበትና አምባር ቤት ይቅር። ጥፍር ይቆረጥ። ስልካችሁን ጥረጉት፤ እጃችሁን ታጥባችሁ የቆሸሸ ስልክ ብትነኩ ታጥባችሁ ምን ዋጋ አለው?

እጅ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በሳኒታይዘር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይታሻል። ሳኒታይዘሩ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ይኑረው። ቤቱ ውስጥ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣ በሽታ ከገባ ግን ሳኒታይዘር ላይ አትመኩ። ኖሮ ቫይረስን የመሰሉት በአልኮል በደንብ አይሞቱም፣ በሳሙናና በውኃ ታጠቡ።

ከገባችሁ በኋላ

በቀጥታ ወደ ወላጃችሁ ክፍል ሂዱ። በየበሩ ቆሞ እንዴት ናችሁ ማለት ደግ ልማድ ነው፣ በወረርሽኝ ጊዜ ግን አንገት ዝቅ አድርጎ እጅ ደረት ላይ ጭኖ ማለፍ ይበቃል። ግቢ ወይም በረንዳ ካለና አየሩ ከተመቸ ውጭ መቀመጥ ከሁሉም ይሻላል። ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ መስኮት እንዲከፈት ጠይቁ። ወላጃችሁ እንዳይበርዳቸው ደርቡላቸው።

ጋውን (ከልብስ በላይ የሚደረብ የሕክምና ካባ) እና ጓንት ካስለበሷችሁ ቅደም ተከተሉን ነርሷ ታሳያችሁ። በተለመደው አሠራር ስትለብሱ ጋውን፣ ማስክ፣ የዓይን መሸፈኛ፣ መጨረሻ ጓንት ነው። ከባዱ ማውለቁ ነው፣ ሰው ራሱን የሚበክለውም ያኔ ነው፤ ደክሞታል፣ መውጣት ቸኩሏል። ጓንቱን ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣችሁ አውልቁ፣ ጋውኑን ከውጭ በኩል ሳትነኩ ጠቅልሉት፣ እጃችሁን አጽዱ። ከዚያ የዓይኑን፣ ከክፍሉ ከወጣችሁ በኋላ ማስኩን ከማሰሪያው ይዛችሁ አውልቁ። እጅ እንደገና ይጸዳል።

ብዙ አትቆዩ። ሳምንቱን ሙሉ ጠብቆ አንድ ረጅም ጥየቃ ከማድረግ አጫጭርና ቶሎ ቶሎ መሄድ ለሁለታችሁም ይጠቅማል። አረጋዊ ሰው ቶሎ ይደክማል፣ ጥየቃው ሲያጥር ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ የሚተነፈሰው አየር ይቀንሳል።

ማስክ ለብሶ መነጋገር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጥየቃ የሚበላሸው እዚህ ነው። ጆሮው የደከመ ሰው ሳያውቀው የሰውን ከንፈር እያየ ነው የሚሰማው። ማስክ ከንፈሩን ይደብቃል፣ ድምፁንም ያፍናል። አባታችሁ "እህ?" ሲሉ እናንተ ትጮሃላችሁ፣ ጩኸቱ ቁጣ ይመስላቸዋል፣ ከዚያ ዝም ይላሉ።

መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ብርሃኑ እናንተ ፊት ላይ እንዲያርፍ ሆናችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ድምፃችሁን ወፈር፣ ንግግራችሁን ረጋ አድርጉት። የማያሰማቸውን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ ደጋግማችሁ ከመናገር በሌላ ቃል በሉት። ወፍራም እስክሪብቶና ትልልቅ ወረቀት ያዙ፣ ጉዳዩ ጠንከር ያለ ከሆነ ጻፉላቸው።

የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው ስትገቡ ባትሪውን እዩ፣ የጆሮ ኩክ እንዳልደፈነውም አረጋግጡ። አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ከጆሮ ጀርባ የሚደረገው መሣሪያና የማስክ ላስቲክ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጡት። ማስኩ ሲወልቅ ላስቲኩ መሣሪያውን ጎትቶ ይጥለዋል፣ ከአንሶላ ጋር ወደ እጥበት ይሄዳል ወይም ከማስኩ ጋር ይጣላል። ወላጃችሁ ማስክ የሚያደርጉ ከሆነ ከጭንቅላት ጀርባ የሚታሰረውን አምጡላቸው። ልትወጡ ስትሉም ሁለቱንም ጆሮ እዩ።

የመርሳት በሽታ ካለባቸው "ማን ነኝ? አወቅሺኝ?" አትበሉ። ፈተና ይሆንባቸዋል፣ ሲሳሳቱም ያፍራሉ። ገብታችሁ ወዲያው ስማችሁን ተናገሩ። "እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ትልቋ ልጅሽ፣ ልጠይቅሽ መጣሁ።" ማስክ የሌለበት የራሳችሁን ትልቅ ፎቶ ደረታችሁ ላይ ለጥፉ፣ ይሠራል። ከተፈቀደ የሁለታችሁንም እጅ አጽድታችሁ እጃቸውን ያዙ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መነካት ከንግግር ቀድሞ ይገባዋል።

ማብላት

ሠራተኛ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቸኮለው ምግብ ላይ ነው። ስለዚህ ከቻላችሁ ቀጠሯችሁን ከምግብ ሰዓት ጋር አገጣጥሙት። ከመጀመራችሁ በፊት ነርሷን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የሚከለከል ምግብ አለ? ፈሳሽ ወፈር ተደርጎ ነው የሚሰጣቸው? የመዋጥ ችግር ላለበት ሰው ቀጭን ውኃ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ እናንተ በደግነት የሰጣችሁት አንድ ብርጭቆ ውኃ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል።

ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ እናንተም ከእሳቸው ዓይን ትይዩ ተቀመጡ። ቆሞ ማጉረስ አንገታቸውን ወደ ላይ እንዲያቀኑ ያስገድዳል፣ ያኔ ትን ይላል። ማንኪያው ትንሽ ይሁን። ማንቁርታቸው ከፍ ብሎ ሲመለስ እስክታዩ ድረስ ሁለተኛውን አታቅርቡ። ካሳላቸው ወይም ድምፃቸው ውኃ የያዘ ዓይነት ከሆነ አቁሙና ነርስ ጥሩ። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብለው ይቆዩ። እሳቸው ለመብላት ማስክ ያወልቃሉ፣ እናንተ ግን አብራችሁ አትብሉ። አብሮ አለመቁረስ እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ዓይናችሁ ምን ይይ?

ነርሶቹ ወላጃችሁን ቀን ከሌት ያያሉ፣ እናንተ ደግሞ ጤነኛ ሳሉ ምን እንደሚመስሉ ታውቃላችሁ። ሁለቱ ሲገናኝ ነው ነገር ቶሎ የሚታወቀው።

ክብደት ጠይቁ። "ደህና ነው" የሚለው አይበቃም፣ ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉ። በአንድ ወር 5 በመቶ ወይም በ6 ወር 10 በመቶ መቀነስ ትልቅ ነገር ነው። 60 ኪሎ የነበሩ ሰው በወር 3 ኪሎ ከቀነሱ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

ተረከዛቸውንና መቀመጫቸውን ከነርሷ ጋር እዩ። የአልጋ ቁስል ሳይቆስል ነው የሚጀምረው፤ ሲጫኑት የማይነጣ ቀይ ምልክት ይሆናል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቅላቱ አይታይም፣ በጣት ዳስሱ። ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም ይበልጥ የጠቆረ ቦታ ካለ ተናገሩ።

ምላሳቸው ደርቋል? ውኃው እጃቸው የሚደርስበት ነው ወይስ ከጠረጴዛው ማዶ? የመጥሪያ ደወሉስ? መነጽራቸውና ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው አለ? እንቅልፍ ከበዛባቸው አዲስ መድኃኒት ተጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ።

በተለይ ይህን ልብ በሉ። በእርጅና ጊዜ በሽታ ትኩሳትና ሳል ይዞ ላይመጣ ይችላል። በድንገት ግራ መጋባት፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ መውደቅ፣ ከወትሮው በላይ መተኛት ብቻ ሊሆን ይችላል። የሰውነት ሙቀታቸውም በአብዛኛው ዝቅ ያለ ስለሆነ 37.8 ዲግሪ፣ ወይም ከራሳቸው ልማድ በ1.1 ዲግሪ ከፍ ያለ እንደ ትኩሳት ይታያል። "ዛሬ እናቴ እናቴን አትመስልም" ማለት በቂ ምክንያት ነው። ለነርሷ ያኔውኑ ንገሩ፣ ቤት ደርሳችሁ ለመደወል አታቆዩት።

ስትናገሩ ግን የምትናገሩትን ሰው ድካም አስቡ። በወረርሽኝ ጊዜ የሚታመሙት ሠራተኞችም ናቸው፣ የቀሩት የሁለት ሰው ሥራ ይሠራሉ። "ለምን አትንከባከቧትም?" ካላችሁ በር ይዘጋል። "ከትናንት ጀምሮ ምን ያህል ጠጣች?" ካላችሁ መልስ አላት።

በመስኮትና በስልክ

መግባት ጨርሶ ካልተቻለ መስኮት አለ። ጀርባችሁን ለፀሐይ ከሰጣችሁ ከውስጥ የምትታዩት እንደ ጥቁር ጥላ ነው፣ ፊታችሁ ብርሃን ያግኝ። በመስታወት ላይ አትጩሁ፣ በስልክ እያወራችሁ ተያዩ፣ ከውስጥ ስልኩን የሚይዝላቸው ሰው ቀድማችሁ ጠይቁ። ቪዲዮ ኮል ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። አንዳንድ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ስክሪን ውስጥ ያለው ፊት ያስፈራቸዋል፣ በመስኮት አይተው መውጣት ሲያቅታቸው የሚያለቅሱም አሉ። እንዲህ ከሆነ አትግፉበት፤ ድምፅ ብቻ ወይም የታተመ ፎቶ ይሻላቸዋል።

ቢከለክሏችሁስ?

ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። እስከ መቼ እንደሆነም ይጻፍ። ከዚያ በወላጃችሁ ላይ ያያችሁትን አቅርቡ፦ ክብደቷ ቀንሷል፣ ካለ ሰው እርዳታ አትበላም፣ ወሬ አቁማለች፣ ሐዘን ደርሶባታል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2020 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ እንደነዚህ ያሉትን ሁሉ በርኅራኄ ለሚፈቀድ ጥየቃ በቂ ምክንያት አድርጎ ጠቅሷቸዋል፣ ለሞት መቃረብ ብቻ አይደለም። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር ላይ ደግሞ ጥየቃ ለሁሉም ነዋሪ በማንኛውም ሰዓት ተፈቀደ፤ በዚያው ወር የቴክሳስ ሕዝብ ነዋሪው አስታማሚውን የመምረጥ መብት እንዲኖረው በድምፁ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ። በየአገሩ ሕጉ ይለያያል፣ ክርክሩ ግን አንድ ነው።

"አስገቡኝ" ብቻ ከማለት "አንድ ሰው፣ ተመርምሬ፣ ሙሉ ለብሼ፣ በምሳ ሰዓት 30 ደቂቃ፣ ከክፍሏ ሳልወጣ" በሉ። እንዲህ ለቀረበ ጥያቄ እምቢ ማለት ይከብዳል። ካልሆነ ወደ ኃላፊው፣ ከዚያ ቤቱን ወደሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሂዱ።

መጨረሻቸው የቀረበ ከመሰላችሁ አትጠብቁ። ብዙ ቦታ የሚፈቀደው "ሊያልፉ ሲሉ" ነው፣ ያንን ሰዓት ግን ማንም በትክክል አያውቀውም። ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቁት፦ "በዚህ ሳምንት ቢያልፉ ይገርምሃል?" አይገርመኝም ካለ ዛሬውኑ ፈቃድ ጠይቁ።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ታጠቡ፣ ልብስ ቀይሩ፣ ያያችሁትን ሳይጠፋባችሁ ጻፉ፦ ምን ያህል በሉ፣ ምን አሉ፣ ነርሷ ምን ቃል ገባች።

በሚቀጥሉት ቀናት ምልክት ካያችሁ ወይም ምርመራው ተይዛችኋል ካለ በዚያችው ሰዓት መጦሪያ ቤቱ ጋ ደውሉ። ማፈር የለም፤ የምትደብቁት አንድ ቀን ለሌሎች ነዋሪዎችም ጉዳት ነው። ስንት ሰዓት ገብታችሁ ስንት ሰዓት እንደወጣችሁ፣ ማስክ አውልቃችሁ እንደነበር፣ ከወላጃችሁ ሌላ ማን አጠገብ እንደቆማችሁ ንገሯቸው። እስክትድኑና ቤቱ እስኪፈቅድላችሁ ተጠባባቂው ይሂድ። በእነዚያ ቀናት ከናንተ ጋር ከነበረ ግን እሱም ተመርምሮ እንጂ እንዲሁ አይግባ።